የጋሽ ባምላክ ድንጉላዎች

በእኛ ከተማ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ልብስ አይሰጣም። ሽቶ አይነሰነስም፣ ሽንኩርት መስኮት ከፍቶ አይጠበስም፣ መኪና ከድልድዩ ወዲህ አያልፍም። የንብ ሰዓት ነው። መድኃኒት ረጪዎቹ በራሪ ማሽኖች ከሰማይ ወርደው በየማሳው ጫፍ ይደረደራሉ፤ ቀፎዎች ይከፈታሉ፤ ንቦቹ ኑጉ ላይ ሥራቸውን ሠርተው ይመለሳሉ። አምስት ሰዓት ሲሆን ቀፎው ይዘጋል። ያልተመለሰች አልተመለሰችም። ረጪዎቹ እንደገና ይነሳሉ። ሞጣ ውስጥ ከሃምሳ ዓመት በታች የሆነ ሰው ሌላ ዓይነት ጠዋት አያውቅም፤ እኔ ሃምሳ አንድ ስለሆንኩ አውቃለሁ ብዬ አንዳንዴ እጎርራለሁ።

ንግሥቲቱ ግን በንብ ሰዓትም አትወጣም። ድሮ ንግሥት ንብ አንድ ቀን ወደ ሰማይ ወጥታ፣ ከድንጉላዎቹ፣ ከወንዶቹ ንቦች ማለቴ ነው፣ አየር ላይ ተገናኝታ ትመለስ ነበር አሉ። አሁን የወጣች ንግሥት በመርዙ ትቀራለች። ስለዚህ በሰው እጅ ትዳራለች። በእኛ ከተማ ፈቃዱ ያላት አንድ ሰው ናት፤ እሷም ጎረቤቴ እትዬ ኤልዳና ናት።

እትዬ ኤልዳና ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው። በወጣትነቷ የቀሚስ ጥልፍ ትጠልፍ ነበር፤ ማሽኑ ያንን ሲወስድባት በዚያው መርፌ በለመደ እጇ ወደ ንብ ገባች። የምትሠራው ብሎካችን ምድር ቤት፣ ድሮ የጥበቃ ክፍል በነበረው ጠባብ ቤት ነው። አጉሊ መነጽሩ፣ ንብ የሚያስተኛው ጋዝ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነው የብርጭቆ መርፌ፣ ሁሉም አንድ የሲሚንቶ መደብ ላይ ተደርድሯል። ወለሉም ሲሚንቶ ስለሆነ ውጭ አንድ ሰው ረገጥ ረገጥ ሲያደርግ መርፌው ይሰማዋል።

አንድ ጊዜ እንዳይ ፈቅዳልኝ ነበር፤ ያውም ገላዬን ታጥቤ፣ ሸሚዜን ቀይሬ፣ እንደ ቆራቢ ተዘጋጅቼ። ንግሥቲቱን በጭንቅላቷ በኩል ጠባብ ቱቦ ውስጥ አስገባቻት። ጋዙ ሲደርሳት ተኛች። በሁለት ቀጫጭን መንጠቆዎች የሆዷን ጫፍ ከፈት አደረገችና የድንጉላ ዘር የያዘውን መርፌ አስጠጋች። መንገዱ ላይ አንዲት ስስ ሥጋ እንደ መጋረጃ ትቆማለች፤ እሷን ገለል ሳያደርጉ ከገፉ ንግሥቲቱ ትቆስላለች፣ ዘሩም ይፈሳል። እትዬ ኤልዳና ትንፋሿን ይዛ ገለል አደረገቻት። ሲያልቅ ቀና ብላ፣ አየህ ወይ አለችኝ። በደንብ አየሁ አልኳት። ዓይንህን ጨፍነህ ነበር አለችኝ። እውነቷን ነው።

ባሏ ጋሽ ባምላክ የድንጉላዎቹ ኃላፊ ነበር። ድንጉላ ማር አይሠራም፣ አይናደፍም፣ ራሱን መመገብ እንኳ ይታክተዋል። ጋሽ ባምላክ እነዚህን ሥራ ፈቶች በስምንት ቀፎ ሲቀልብ ኖረ። ጠዋት ጠዋት ከብሎኩ ጀርባ ወደተከለው የመረብ ቤት አውጥቶ ያበርራቸዋል፤ ያልበረረ ወንድ ዘሩ አይረባም ባይ ነው። ባለፍኩ ቁጥር፣ ዛሬስ ልጆችህ ሥራ አገኙ ወይ እለው ነበር። ቀጠሮ አላቸው ይለኛል። አልዋሸም። ዘሩን የሰጠ ድንጉላ እዚያው እጅ ላይ ይሞታል፤ ከአንዱ የሚገኘውም የጤፍ ፍሬ የምታህል ጠብታ ናት። ለአንዲት ንግሥት አሥር ያህል ወንድ ያልቃል።

ከትልቁ ከተማ በሳጥን የሚመጡ ቢጫ ንቦችም አሉ። ክፉ አይወጣቸውም፤ ጨዋ ናቸው። ነገር ግን የሞጣን ብርድ ስለማይችሉ ሦስት ሰዓት ተከፍቶላቸው እስከ አራት ተኩል ቀፎው አፍ ላይ ተኮልኩለው ፀሐይ ይጠብቃሉ። የንብ ሰዓት እዚያው ያልቅባቸዋል። የኛዎቹ ጥቁሮች ግን ገና ሳይከፈት በሩን ይገፋሉ። ኑጋችን ፍሬ የሚይዘው በእነሱ ነው። አንድ ዓመት አሮጊቷ ጥቁር ንግሥት ክረምቱን አልዘለቀችም፤ በመስከረም ከተፈለፈሉት ሴት ልጆቿም የተረፈችው አንዲት ብቻ ነበረች። ድንግል ንግሥት ደግሞ አትጠበቅም። ከአሥራ አንድ ቀን ካለፈች ገላዋ ይዘጋና ወንድ ብቻ ትወልዳለች፤ ቀፎው ይጠፋል፣ ዘሩም አብሮ። እትዬ ኤልዳና ቆጥራ ቆጥራ ሥራውን ለሐሙስ አደረገችው። ሐሙስ አሥራ አንደኛው ቀን ነው።

ጋሽ ባምላክ ረቡዕ ጠዋት ሞተ።

የተገኘው መረቡ ቤት ውስጥ ነው፤ የስኳር ውሃውን ዕቃ እንደያዘ ተቀምጦ፣ ድንጉላዎቹ ባርኔጣው ላይ ሰፍረው። እኔ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነኝ። ስልክ እያለ ጥሩምባ ምን ያደርጋል የሚል ሰው በየዓመቱ ስብሰባ ላይ አይጠፋም፤ በየዓመቱም የእድሩ ዳኛ አቶ ናሆም ደንቡን ገልጠው ያነቡለታል። ለብዙ ሰው ነፍቻለሁ፤ በዚያ ጠዋት ግን ትንፋሽ አጠረኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀበርነው።

እትዬ ኤልዳና አላለቀሰችም። ፍራሹ ላይ ጥቁር ለብሳ፣ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ እንደ ሰው ዕቃ አስቀምጣ ተቀምጣለች። ሴቶቹ በነጠላቸው ስር ተንሾካሾኩ፤ አርባ ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ነው እኮ አሉ። ቀረብ ብዬ አይዞሽ ስላት በጆሮዬ፣ «ያፌት፣ አንዴ ከጀመርኩ እጄ እስከ ሳምንት አይመለስልኝም» አለችኝ። ያኔ ነው የገባኝ።

ሐሙስ ማለዳ አቶ ናሆምን አስጠራቻቸውና ከፍራሹ ተነስታ አንድ ሰዓት እንድትሠራ ጠየቀቻቸው። አቶ ናሆም ደግ ሰው ናቸው፤ ደንቡን ግን ከመዝሙረ ዳዊት እኩል ያዩታል። ሐዘንተኛ ሣልስት ሳይወጣ ከፍራሽ አትነሳም ይላል አሏት፤ ተነስታ ሥራ ከያዘች ሟቹን አቃለለች፣ እድሩም ድንኳኑን ያነሳል። ንግሥቲቱ ወደ ሌላ ከተማ ብትወሰድስ አሉ። እዚያ የሚሠራው የብረት እጅ ነው፣ ተራውም ዘጠኝ ቀን ነው አለቻቸው። ነገ ቢሆንስ አሉ። ነገ አሥራ ሁለተኛው ቀን ነው አለች። በመጨረሻ አቶ ናሆም፣ አንዲት ነፍሳት ከባል ትበልጣለች ወይ ብለው ጠየቁ።

«ባምላክ የሞተው እሷን ሊድር ሲደግስ ነው» አለች እትዬ ኤልዳና። «እኔ ካልዳርኳት ምን ሲሠራ ሞተ ልበል?»

 አቶ ናሆም ደንቡን ከኪሳቸው አወጡና ያችን ገጽ በጣታቸው እየተከተሉ ሦስት ጊዜ አነበቧት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ከፍራሽ አትነሳም ይላል እንጂ ፍራሹ የት ይነጠፍ አይልም» አሉ።

እኔ ሠላሳ ዓመት በእድር ስኖር ዳኛ ፍራሽ ሲሸከም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አንዱን ጫፍ አቶ ናሆም፣ ሌላውን እኔ ይዘን እትዬ ኤልዳናን ከነጥቁሯ አስከትለን ምድር ቤት አወረድነው፤ ከመደቡ ስር ለሁለት አጥፈን አነጠፍንላት። ተንበርክካ ሞከረችው። ቁመቱ ልክ ነው አለች።

ድንጉላዎቹን የሚይዝ ሰው አልነበረም። ያ የጋሽ ባምላክ ሥራ ነበር። ስለዚህ እኔ ወደ መረቡ ቤት ገባሁ። ወንድ ንብ መናደፊያ እንደሌለው ልጅም ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ፤ እጄ ግን አያውቅም። ሠላሳ ያህል በሳጥን ይዤ ስመለስ ላቤ በጀርባዬ ይወርድ ነበር። እትዬ ኤልዳና ሳጥኑን ተቀብላ፣ ብታውቅ ባምላክ እንኳ የመጀመሪያ ቀን ጓንት አድርጎ ነበር አለችኝ። በዚያ ሁሉ ሐዘን መሐል የእኔን ፊት አይታ ማጽናናቷ ነው።

ሥራውን ለአራት ሰዓት አደረገችው፤ በንብ ሰዓት ረጪዎቹ ስለሚያርፉ መደቡ አይንቀጠቀጥም። ድንኳን ውስጥ ያሉትን ለቀስተኞች አቶ ናሆም ዞረው አንድ ሰዓት ድምፅ እንዳያሰሙ ለመኑ። ሁሉም እሺ አለ። የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ እሱም በአውቶቡስ እየመጣ ነበር።

እማማ ሐሴት የጋሽ ባምላክ ታላቅ እህት ናቸው። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ ከእነብሴ ወገን ናቸው። ስማቸው ሐሴት ይሁን እንጂ በዚያ አገር ከእሳቸው የሚበልጥ ሙሾ አውራጅ የለም፤ ሰው ሳይሞት ተናዝዞ ሐሴት ታልቅስልኝ ይላል። ለወንድማቸው ቀብር አልደረሱም። ቀብር ያመለጠው ሰው ደግሞ ከሩቅ እየጮኸ፣ ደረቱን እየደቃ፣ መሬቱን እየረገጠ ነው የሚገባው፤ ሳያደርግ ቢቀር ወንድሙን አልወደደም ይባላል። ከእሳቸው ጋር አርባ ሰው ተሳፍሯል። አውቶቡሱ በንብ ሰዓት ድልድዩን ስለማያልፍ ከዚያ በእግራቸው ይመጣሉ። ከድልድዩ እስከ ብሎካችን የሩብ ሰዓት መንገድ ነው።

አቶ ናሆም እኔን ላኩኝ። ሥራዬ ሰውን ለለቅሶ መጥራት ነው፤ ለቅሶ ለማስቆም ስሄድ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ድልድዩ ላይ ደረስኩ። አውቶቡሱ ቆሞ ሰዎቹን አውርዷል። እማማ ሐሴት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ መቀነታቸውን አጥብቀው፣ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ፊታቸው ቆምኩ። ጉልበታቸውን ስሜ ነገሩን ነገርኳቸው። ስነግራቸው እንኳን ለእሳቸው ለእኔም አሳፋሪ ነበር፤ ለንብ ሲባል ለወንድምዎ አያልቅሱ ማለት። ከኋላቸው የቆሙት ወንዶች ማጉረምረም ጀመሩ። አንዱ ሞጣ ያበደ ሰው ጥሩምባ ነፊ ያደርጋል እንዴ አለ። እኔም እዚሁ ድልድዩ አጠገብ አንድ ሰዓት አረፍ ብትሉ ብዬ ለመንኩ።

 እማማ ሐሴት ግን ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ወንዶቹ ንቦች ምን ይሆናሉ አሉኝ።

«ዘራቸውን ሲሰጡ ይሞታሉ፣ እማማ። ዛሬ ያልቃሉ።»

«እሱ ነው ያሳደጋቸው?»

«እሱ ነው። በእጁ ነው ያሳደጋቸው።»

ዓይናቸው ሞላ። ወደ ሰዎቻቸው ዞረው፣ «እኔ መንገድ ላይ አልቀመጥም። ወንድሜ ቤት እገባለሁ። ጫማችሁን አውልቁ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ አንድ ድምፅ ከሰማህ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ እንደሆነው ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አርባ ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ፣ በባዶ እግሩና በካልሲ፣ በሞጣ ዋና መንገድ መሐል ለመሐል በዝምታ ሄደ። መኪና የለም፣ ሰማዩ ጸጥ ብሏል፣ የሚሰማው የንቦቹ ድምፅ ብቻ ነው። በየሰገነቱ ሰው ወጥቶ ተመለከተን፤ አንዱም አልተናገረም። እማማ ሐሴት የነጠላቸውን ጫፍ አጥፈው በጥርሳቸው ነክሰዋል። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ድምፅ ግን የለም። አንዲት ወጣት ሴት ሲቃ ሲይዛት እማማ ሐሴት ዘወር ሳይሉ እጃቸውን ዘርግተው አፏን ያዙላት፤ እንደያዟትም ሄዱ።

ብሎኩ ስንደርስ የምድር ቤቱ መስኮት መጋረጃው ተገልጦ ውስጡ ይታይ ነበር። እትዬ ኤልዳና ጀርባዋን ሰጥታን ፍራሹ ላይ ተንበርክካለች። ድንጉላዎቹን ጨርሳለች፤ ሣህኑ ላይ ተደርድረዋል። ንግሥቲቱ ቱቦ ውስጥ ተኝታለች። ጋዙ ውስጥ ከአሥር ደቂቃ በላይ ከቆየች ላትነቃ ትችላለች፤ አቶ ናሆም በሩ ላይ ሰዓት ይዘው ቆመዋል። አርባው ሰው በመስኮቱ ዙሪያ ቆመ።

እትዬ ኤልዳና መርፌውን አስጠጋች። ከዚያ መለሰችው። እንደገና አስጠግታ ደግሞ መለሰችው።  አቶ ናሆም አራት ጣት አሳዩን፤ አራት ደቂቃ ቀርቷል። እሷም ሁለት እጆቿን ከመደቡ አንስታ ግንባሯን ሲሚንቶው ላይ አሳረፈች። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ቆረጠች ይል ነበር። እኔ ግን በግድግዳ ተጎራብተን ስለኖርን አውቃታለሁ፤ ጥልፍ ስትጠልፍም ክር ሲወሳሰብባት የምታደርገው ይህንን ነው። ቀና አለች። ትከሻዋ ወረደ። መርፌው ገባ።

ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም።  ከዚያ መርፌው ወጣ፤ ቱቦውን አዘነበለች፤ ሁላችንም ያቺን ጥቁር ነገር አየን፣ ተኝታ። ከዚያ አንድ እግር። ከዚያ ሌላ። ንግሥቲቱ እንደ ሰካራም ተንገዳግዳ ተነሳችና መደቡ ላይ መሄድ ጀመረች።

እትዬ ኤልዳና ወደ ትንሿ ሳጥን ከተተቻትና ሳጥኑን ከጥቁሯ ስር ደረቷ ላይ አደረገችው። ከፍራሹ ሳትነሳ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ያኔ ነው ማን እንደቆመ ያየችው።

«እታለም» አለች፣ «አሁን።»

እማማ ሐሴት ነጠላውን ከጥርሳቸው ለቀቁ። የወጣው ድምፅ ከሰው የወጣ አይመስልም። ደረታቸውን ደቁ፣ መሬቱን ረገጡ፣ አርባው ሰው አብሮ ፈነዳ፤ መስታወቱ ጮኸ። ከዚያ እሳቸው ብቻ ቀድመው ይህን አወረዱ፦

ወንድ አሳድጎ፣ ወንድ አብልቶ አጠጥቶ፣
በሠርጋቸው ዋዜማ ቀረ ወይ ተኝቶ።

እትዬ ኤልዳናም አለቀሰች። ከእንግዲህ እጇን ለማንም ስለማታስቀምጠው፣ ፊቷን እየነጨች፣ ስሙን እየጠራች፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ አለቀሰች። የተንሾካሾኩት ሴቶች ሊይዟት ተሯሯጡ። ይዘው አልቻሏትም።

ከዚያ መጠበቅ ነበር። የንግሥቲቱ መውለድ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፤ ወንድ ብቻ ከወለደች ነገሩ አለቀ። የሚታወቀው እጮቹ ያሉበት ቀዳዳ በሰም ሲከደን ነው። የሠራተኛ ንብ ክዳን ጠፍጣፋ ነው፤ የድንጉላው እንደ ሽምብራ ያብጣል። በአሥራ ስድስተኛው ቀን እትዬ ኤልዳና እንጀራውን፣ የማሩን እንጀራ ማለቴ ነው፣ ከቀፎው አወጣች። ዓይኗ ከለቅሶው ገና አልዳነም ነበር፤ ስለዚህ ጣቷን ከዳር እስከ ዳር አስኬደችበት። አጠገቧ ቆሜ ፊቷን ነበር የማየው። ሜዳ ነው አለችኝ። እኔም ሮጬ ለአቶ ናሆም ነገርኩ። አቶ ናሆም ደስታቸውን እንዴት ገለጹት ቢሉ፣ ደንቡ ላይ ፍራሽ የሚነጠፍበት ቦታ እንደ ሁኔታው በዳኛ ይወሰናል የሚል መስመር ጨመሩበት።

ለአርባው ተዝካር እማማ ሐሴት እንደገና መጡ። የደረሱት በንብ ሰዓት ስለነበር ከሰው በፊት ወደ ቀፎዎቹ እንዲወስዷቸው ጠየቁ። ብርዱ ይቆረጥም ነበር። ቢጫዎቹ በራቸው ላይ ተኮልኩለዋል። ጥቁሮቹ ወጥተው ኑጉ ላይ ናቸው። በጥቁሩ ቀፎ አፍ ላይ ግን አንድ እፍኝ የሚሆኑ ትንንሾች ወደ በሩ ዞረው ከፍ ዝቅ እያሉ ያንዣብቡ ነበር።

እማማ ሐሴት ከወንድሜ የሆኑት የትኞቹ ናቸው ብለው ጠየቁ። እትዬ ኤልዳና እነዚያን ትንንሾች አሳየቻቸው። እነዚህ ናቸው አለቻቸው፤ ገና ቤታቸውን እየለመዱ ነው፤ አባቶቻቸው እሱ ያሳደጋቸው ናቸው።

 እማማ ሐሴት ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ እንግዳ ቤት እንደሚገባ ሰው ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና ወደ ቀፎው ጎንበስ አሉ።

«እንደምን አደራችሁ?» አሉ። «አክስታችሁ ነኝ።»